ከጂንጃ የመጣ እንግዳና የጣና ቀረሶ

ቀረሶ የሚባለው የጣና አሳ ሙሉውን ነው የሚመጣው፣ ከራሱ እስከ ጭራው። ግራና ቀኙ በቢላ ጥልቅ ተደርጎ ተሰንጥቋል። በየስንጥቁ ጨውና ሚጥሚጣ ገብቶበታል። ቆዳው ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ግን ነጭ ነው፣ ጭማቂው አልደረቀም። አጠገቡ ሎሚ፣ ዳጣና ትኩስ ዳቦ ይቀመጣል። ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ባሕር ዳር ውስጥ አሳ የት ልብላ ለሚለኝ ሁሉ አሁን የምጠቁመው ይህን ቤት ነው።

በሩ ላይ የተጻፈ ስም የለም። ሐይቁ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ወንበሮቹ ፕላስቲክ ናቸው። የባጃጅ ልጆች ግን በደንብ ያውቁታል።

ቤቱን በደንብ እንዳየው ያደረገኝ ከአገር ውጭ ያደረግኩት ጉዞ ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ጓደኞቼ ካምፓላ ይኖራሉ። "መቼ ነው የምትመጪው?" ሲሉኝ ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻ ሄድኩ። ካምፓላ ዳገትና ቁልቁለት የማያልቅባት ከተማ ናት። ቦዳ ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ሆኜ ስንቱን ጸሎት አደረስኩ! የወደድኩት ጋባን ነው፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለውን የአሳ ገበያ። አሳው ከጀልባ ሲወርድ ታያላችሁ። የወደዳችሁትን ትመርጣላችሁ፣ እዚያው ይጠበስላችኋል። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚከተፍበት ካቹምባሪ አብሮ ይቀርባል። በእጅ ነው የሚበላው። እዚያ ተቀምጠን የድሮውን ሁሉ አነሳን። ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን ጠፋ።

ከዚያ ጂንጃ ወሰዱኝ፣ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ የሚወጣባት ከተማ። የአንደኛዋ ጓደኛዬ ባል የዚያ ልጅ ነው፤ በኩራት ነበር የሚያስጎበኘን። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀውን 525 ሜትር ድልድይ አሳየን። ሪፖን የሚባለው ፏፏቴ የነበረበትንም ቦታ አሳየን፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው ግድብ ውሃ ውስጥ አስቀርቶታል። እኔም "እኛ ጋ ስትመጣ የእኛን አሳይሃለሁ" አልኩት።

ይኸው ሰሞኑን ከነሚስቱ መጣ። መጀመሪያ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ወደተመረቀው የአባይ ድልድይ ወሰድነው፣ 380 ሜትር ነው። ቆሞ ቁልቁል ውሃውን ሲያይ ቆየ። የእሱ ከተማ ውሃና የእኛው ካርቱም ላይ እንደሚገናኙ ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሯል። አሁን ሁለቱንም አየ።

ከዚያ አሳ ቤት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። በአሳ ያደገ ሰው ነው፤ ከተማችን ውስጥ ደግሞ ብዙ ትልልቅ ቤቶች አሳውን ፊሌቶ አድርገው፣ ዱቄት አልብሰው፣ ከቺፕስ ጋር ነው የሚያቀርቡት። እንዲህ ያለውን የትም ይበላዋል። እዚህ ግን ሙሉው ቀረሶ ሲቀርብ ፊቱ በራ። በቀጥታ ወደ ራሱ ሄደ። ጉንጩ ላይ ያለችውን ትንሽ ሥጋ በጣቱ ፈልቅቆ አወጣ፣ ከዚያ ዓይኑን በላ። የቤቱ እመቤት ከማድቤቱ በር ሆነው እያዩት ነበር። መጡና በዳቦ ጠቅልለው "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!" ብለው አጎረሱት። ከማጉረሳቸው በፊት ግን ሥጋውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው አጥንት እንደሌለው አረጋገጡ። አሳ የሚያጎርስ ሰው እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

"የእኛው አሳ ነው" አለ እንግዳችን። ልክ ነው። ዝርያው አንድ ነው። ልዩነቱ፣ ቀረሶ ጣና ውስጥ ጥንትም የነበረ ሲሆን ቪክቶሪያ ውስጥ የተጨመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መሆኑ ነው። እምቦጭም ሁለቱንም ሐይቆች ያስቸገረ አረም ነው፤ እነሱ ከእኛ ቀድመው ታግለውታል። ስለ እሱ ብዙ አወሩን።

ጣና ብቻ ያለውን መቅመስ ከፈለጋችሁ ነጭ አሳ እዘዙ። ጢስ አባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን አሳ ስለሚከለክል ጣና ውስጥ የትም የሌሉ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ። አጥንቱ ብዙ ነው፣ በጉላሽ ይሻላል። ክረምት ላይ ግን እባካችሁ አታዝዙት። ያኔ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል፤ ወንዙ አፍ ላይ በመረብ መያዙ ቁጥሩን በጣም ቀንሶታል። እትዬ ራሳቸው ከሐምሌ እስከ መስከረም አይቀበሉትም። እዚህ ቤት በጣም ያከበርኳቸው በዚህ ነው።

ቅሬታም አለኝ። ዱለቱ ላይ ሚጥሚጣው በዝቷል፣ የአሳው ጣዕም ጠፍቷል። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ መብራት ግን የለውም። ትልቁ ቅሬታዬ ዋጋው ነው። ውድ ነው ማለቴ አይደለም። ለአምስት ሰው የከፈልነው መሃል ከተማ ለሁለት ሰው ጥብስ ከሚከፈለው ብዙም አይበልጥም። ግን አሳው የስንት እንደሆነ የሚታወቀው ሒሳብ ሲመጣ ነው። እንደ ጋባ ጥሬውን አሳይተው፣ መዝነው፣ ዋጋውን ቢነግሩን ምን አለበት? ለእትዬም ነግሬያቸዋለሁ፣ ሚዛን እንደሚገዙ ቃል ገብተውልኛል።

አሳው ከታዘዘ በኋላ ነው ቅርፊቱ የሚነሳው፤ ስለዚህ መጠበቅ አለ። እኛ ቅር አላለንም። የደንገል ታንኳዎች እንጨት ጭነው ሲያልፉ እያየን ጨዋታችንን ቀጠልን፤ ተነሱ የሚለን አልነበረም። ቡናው የዘጌ ነው፣ አቦል ብቻ ጠጥታችሁ እንዳትነሱ።

ቅዳሜና እሑድ ከስድስት ሰዓት በፊት ግቡ፣ ሐይቁ በኩል ያሉት ጠረጴዛዎች ቶሎ ይያዛሉ። በጾም አሳ ለማይበላ ሰው ጥሩ ተጋቢኖ አላቸው። ለሚበላው ደግሞ፣ ረቡዕና ዓርብ ቀረሶው ከስምንት ሰዓት በኋላ አይገኝም።