የመረብ ሳጥኑ ከወራት በኋላ፦ የጋፒ ጫጩት በደሴ ብርድ

ጋፒ የምትባለውን ትንሽ የአኳሪየም ዓሣ የሚያረባ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማታ ሆዷ ተወጥሮ ያደረችው ዓሣ ጠዋት ቀጥና ትገኛለች፤ ጫጩቶቹ ግን የሉም። ተበልተዋል። እናትየዋ ራሷ ከበላተኞቹ አንዷ ናት። ጋፒ እንቁላል አትጥልም፤ የሚዋኝ ጫጩት ነው የምትወልደው። ርዝመቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሞሊ የሚባለው ተለቅ ያለ ዓሣ ባለበት አኳሪየም ውስጥ ይህ ጉርሻ እንኳ አይሞላም።

ጫጩቶቹን ከትልልቆቹ ለመለየት የገዛሁት አኳሪየሙ ውስጥ የሚንጠለጠል የመረብ ሳጥን ነው። ደሴ ስላጣሁት ከአዲስ አበባ አስመጣሁት። የፕላስቲክ ዘንጎቹን ትገጣጥማላችሁ፣ ነጩን መረብ ታለብሱታላችሁ፣ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ትሰቅሉታላችሁ። አለቀ።

ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራም አለ። ለእኛ ብርድ ግን መረቡ ይሻላል ባይ ነኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት የጦሳ ተራራ ንፋስ የመታው ያውቀዋል። ጫጩት ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይስማማዋል። በመረቡ ውሃው እንደልቡ ስለሚያልፍ ሂተሩ (የውሃ ማሞቂያው) ያሞቀው፣ ፊልተሩ ያጣራው ውሃ ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ጫጩቶቹን በትንሽ ዕቃ ለብቻቸው ብታስቀምጡ፣ መብራት ሲጠፋ ውሃው ወዲያው ይቀዘቅዛል። ትልቁ አኳሪየም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። መብራት ሲሄድ ብርድ ልብስ እጠቀልልበታለሁ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካላችሁማ አብሽሩ።

አሁን ወደ ጣጣው። መረቡ ይደፈናል። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ለጫጩት ጥሩ ነው ይባላል፤ እውነትም ይበሉታል። የተረፈው ግን ቀዳዳው ላይ ተለጥፎ ነጭ ልጋግ ያወጣል፣ ይሸታል። በላዩ አልጌ ሲጨመርበት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ መንቀሳቀስ ያቆማል። ጫጩቶቹ ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ከውሃው ጠርዝ አስጠግተው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ ካያችሁ ነገሩ ይኼው ነው። እኔ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ከራሱ ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ውሃ እፈትገዋለሁ። ሳሙና ፈጽሞ! የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ እንዲወጣለት ሳይከርም አይነካውም። አስኳሉን ትቼ ደረቁን ምግብ በጣቴ ዱቄት እስኪሆን እያሸሁ በቀን ሦስት አራቴ ቆንጠር ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ሥራው ቀሏል።

ሌላው፣ ሞሊዎቹ ከሥር እየመጡ መረቡን ይጠባሉ። ጅራቱ የተቆረጠ ጫጩት ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሞስ የሚባለውን የውሃ ሣር ታች ሳነጥፍበት ቀረ። አንዱ የማዕዘን መገጣጠሚያም ላልቶ በክር አስሬዋለሁ፤ ለዋጋው ከዚህ የጠነከረ መሥራት ይቻል ነበር።

እናትየዋን ሳጥኑ ውስጥ አስገብታችሁ አስወልዱ የሚሉ አሉ። አልስማማም። ጠባብ ቦታ ያስጨንቃታል፣ ያለ ጊዜዋም ሊያስወልዳት ይችላል። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ሣር ካለ ጫጩቶቹ እዚያ ይሸሸጋሉ፤ ጠዋት በኩባያ እየቀዱ ወደ መረቡ ማዛወር ነው።

ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቴ ሳጥኑን አጎንብሰው አይተው «ወላሂ፣ ይኼ አድጎ ለመጥበሻ ይደርሳል?» አሉኝ። አይፈረድባቸውም፤ እዚህ ዓሣ ሲባል የሐይቅ ቆሮሶ ነው።

ከአራት አምስት ሳምንት በኋላ የወንዶቹ ከሆድ በስተኋላ ያለው የታች ክንፍ እየቀጠነ እንደ ስንጥር ይሾላል። ያኔ ከሴቶቹ መለየት ነው፤ አንዴ የተጠቃች ሴት ዘሩን አስቀምጣ ደጋግማ ትወልዳለች። የሞሊ አፍ የማይችላቸው ሲሆኑ፣ አንድ ሴንቲ ተኩል አካባቢ፣ ወደ ትልቁ እለቃቸዋለሁ። የተረፉትን ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ ይወስዳል። እዚያ ሞቅ ስለሚል እንደኔ ሌት ተቀን ሂተር አያበራም። ቦርከና ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ግን አይታሰብም፤ ጋፒ የተስማማው ውሃ ካገኘ እየተራባ የአገሩን ዓሣ ያስቸግራል።