ሚክሮቲክ ሄክስ ለቅርንጫፍ ቪፒኤን፦ ከአንድ ዓመት በላይ ሲሠራ የታየው

ቅርንጫፎቹን በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር (ተነል)፣ ለሚያገናኝ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ላለው መሥሪያ ቤት የሚክሮቲክ ራውተር የሆነው ሄክስ፣ አርቢ750ጂአር3 የሚባለው ሞዴል፣ በዋጋው ልክ ከሚጠበቀው በላይ ይሠራል። አምስት ጊጋቢት ፖርት፣ 256 ሜጋባይት ራምና ባለ ሁለት ኮር 880 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር አለው። ዋናው ጥቅሙ ግን የአይፒሴክን (አንዱ የቪፒኤን ዓይነት) ምስጠራ ከፕሮሰሰሩ ላይ የሚያነሳ ክፍል ቺፑ ውስጥ መኖሩ ነው።

ይህን ክፍል ለማሠራት ለምስጠራው ኤኢኤስ ሲቢሲን፣ መረጃው እንዳልተነካ ለማረጋገጥ ከሚያገለግለው ከሻ256 ጋር መምረጥ ያስፈልጋል። ብዙ ባለሙያ አዲስ ስለሆነ ጂሲኤም የሚባለውን የኤኢኤስ ስልት ይመርጣል፤ ይህ ቺፕ ግን ጂሲኤምን አያግዝም፣ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ፍጥነቱ ይወርዳል። በኢንስቶልድ ኤስኤ (በሁለቱ ጫፎች መካከል የቆሙ የምስጠራ ስምምነቶች) ዝርዝር ላይ ከመስመሩ ፊት «ኤች» የምትለው የእንግሊዝኛ ፊደል ከታየች ሃርድዌሩ እየሠራ ነው።

አብሮት የሚመጣው ፕሮፖዛል (ጫፎቹ የሚስማሙባቸው የምስጠራ ምርጫዎች) ደካማዎቹ ሻ1 እና ሞድፒ1024 (የቁልፍ ልውውጡ ጥንካሬ) ስለሆነ እንዳለ መተው የለበትም። በሁለቱም ጫፍ ወደ ሻ256፣ ኤኢኤስ 256 ሲቢሲ እና ሞድፒ2048 ይቀየር። አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ ፒኤፍኤስ (ቁልፍ ሲታደስ አዲስ ልውውጥ የሚያስደርገው፣ ሞድፒው የሚመረጥበት ቅንብር) ከተቀየረ ችግሩ ወዲያው አይታይም። ቁልፉን የሚደራደረው አይኬኢ ሥሪት 2 የመጀመሪያውን ኤስኤ ሲያቆም ፒኤፍኤስን ስለማይጠይቅ ተነሉ ይነሳል፣ ፋይሉም ይተላለፋል፤ ቁልፉ ሊታደስ ሲል ግን «ኖ ፕሮፖዛል ቾዝን» ብሎ ይቆረጣል። የቁልፉ ዕድሜ 30 ደቂቃ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። በዚህ ልክ የሚቆራረጥ ተነል ሲያጋጥም ኢንተርኔቱን ከመውቀስ በፊት ፒኤፍኤስን ማየት ይሻላል።

ፋየርዎሉ ላይ ዩዲፒ 500ና 4500፣ እንዲሁም የተመሰጠረውን መረጃ የሚሸከመው ኢኤስፒ ከድሮፕ (ፓኬት ከሚጥለው) መስመር በላይ ይፈቀዱ። ተነሉ «ኢስታብሊሽድ» እያለ ፒንግ የማያልፍ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ናት (አድራሻ ቀያሪው) ላይ ነው፦ ማስከሬድ የሚባለው የናት መስመር የፓኬቱን መነሻ አድራሻ ስለሚቀይረው፣ ወደ ተነሉ የሚገባውን የሚወስነው የአይፒሴክ ፖሊሲ አያውቀውም። ማስከሬዱ ላይ የአይፒሴክ ፖሊሲን «አውት፣ ነን» ማድረግ ይፈታዋል። የአይፒሴክ ፓኬት የሚያሳልፉት ሁለት የፎርዋርድ መስመሮችም ከፋስትትራክ (ፓኬትን በአቋራጭ ከሚያሳልፈው መስመር) በላይ መቀመጥ አለባቸው። ፒንግ እያለፈ ትልቅ ፋይል መሀል ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ የቲሲፒ ኤምኤስኤስን (አንድ ፓኬት የሚይዘው የመረጃ መጠን ጣሪያ) ማንግል በሚባለው የፋየርዎል ክፍል ወደ 1360 ማውረድ ነው።

ለላፕቶፕና ከናት ጀርባ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ቅርንጫፍ ዋየርጋርድ የሚባለው ሌላው የቪፒኤን ዓይነት ይቀላል። ጥሪውን የሚጀምረው ቅርንጫፉ ይሁን፤ ኪፕአላይቩም (መስመሩ እንዳይዘጋ የሚላከው ፓኬት) በየ25 ሰከንድ። የሃርድዌር እገዛ ስለሌለው ግን ከአይፒሴኩ ይዘገያል።

አሁን መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የሚመጣውን እንይ። ሄክስ ለሰዓቱ ባትሪ የለውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ ዋየርጋርድ ደግሞ ግንኙነት በሚከፍተው በእያንዳንዱ ሰላምታ (ሃንድሼክ) ላይ ጊዜ ያትምበታል፣ ተቀባዩም ካለፈው የቆየ ጊዜ ሲያይ ፓኬቱን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ሎግ ላይ የረባ ነገር አይገኝም፤ ቁልፉ ትክክል፣ ፖርቱ ክፍት፣ ተነሉ ግን ሙት። መፍትሔው ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚያስተካክለውን ኤንቲፒ ማብራት ነው፤ ኤንቲፒውም ሆነ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ በተነሉ ውስጥ እንዳያልፉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ አለዚያ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይኖራል። በሰርተፍኬት የሚሠራ አይፒሴክም በተሳሳተ ሰዓት ይከለከላል፤ በጋራ ቁልፍ የሚሠራውን ይህ አይነካውም።

እዚህ ላይ ሄክስን በጣም የምወድለት ነገር አለ፦ ከ8 እስከ 30 ቮልት ድረስ ስለሚቀበል ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ ይሰካበታል።

የማይወደደው 16 ሜጋባይት ብቻ የሆነው ማከማቻው ነው። ተጨማሪ ፓኬጅ ከተጫነበት የሥርዓተ ክወናው የራውተርኦኤስ 7 አፕዴት ቦታ ያጣል፤ ስለዚህ አላስፈላጊውን ማውጣት፣ ባክአፑንም ኮምፒውተር ላይ አውርዶ ከሄክሱ ላይ መሰረዝ። ሥራው በአብዛኛው ዋየርጋርድ ለሆነ፣ ወይም ብዙ ቅርንጫፍ አንድ ላይ ለሚያገናኝ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ጠንከር ያለ ፕሮሰሰር ያለው ሞዴል ይገዛ።