15 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠልኝ 9.9 ሞተር፦ ሐዋሳ ላይ የጀልባ ሞተር የምትገዙ ተጠንቀቁ

ያገለገለ የጀልባ ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ። እናንተ እንዳትሸወዱ ነው የምጽፈው።

ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። ከታናሽ ወንድሜ ጋር አሞራ ገደል በኩል የምንሠራባት ጀልባ ሞተሯ ስለሞተ፣ ደላላ አንድ ሱቅ ወሰደን። ሞተሩ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። ኮፈኑ ላይ ትልቅ «15» ተለጥፏል። በርሜል ውሃ ውስጥ ነክረው አስነሱልን። አንዴ ሲስቡት ተነሳ፣ ውሃውን ደህና አድርጎ ይተፋል፣ ድምፁም ንጹህ ነው። 215,000 ብር ከፍለን በባጃጅ ጭነነው መጣን።

ሐይቁ ላይ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ደህና ይሄዳል። አምስት ሰው ጭነን ጉማሬ ለማሳየት ወደ ጥቁር ውሃ በኩል ስንነሳ ግን ጉዱ ታየ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ብሰጠውም ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀስራ፣ ጭራዋን ውሃ ውስጥ እየጎተተች ቀረች።

ወደ ሻጩ ተመለስኩ። «ሐዋሳ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ እዚህ ሁሉም ሞተር እንዲህ ነው» አለኝ። ያሞኘኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ሐይቃችን ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 15 ፈረስ እዚህ 12 ተኩል አካባቢ ይሆናል። ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይዝልም!

ከዚያ የሱቁ መካኒክ ተቀበለኝ። መጀመሪያ ካንዴላ ቀየረ። ቀጥሎ ካርቡራተር አጠበ። በመጨረሻ አዲስ ፕሮፔለር አስገዛኝ። ሦስቴ ከፈልኩ፣ ለውጥ የለም። አንድም ቀን «እስቲ ሐይቁ ላይ ወጥተን እንየው» አላለም።

እኛም በበኩላችን ማየት የሚቻለውን ሁሉ አየን። የነዳጅ ጋኑ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ብሎን ተዘግታ ከሆነ ነዳጅ አይመጣም፤ ክፍት ናት። የነዳጅ ቱቦው ላይ ያለችው ጎማዋ የእጅ ፓምፕ እየሄድን ጠፍጣፋ ትሆናለች ወይ? አትሆንም። ፕሮፔለሩ ላይ የመረብ ክር ወይም የሐይቅ ሣር ተጠምጥሞ ይሆን? (እኛ ጋ ይሄ በብዛት ያጋጥማል፣ ሁሌም መጀመሪያ እሱን እዩ።) የለም። የፕሮፔለሩ መሐል ያለው ጎማ ቢያንሸራትት ሞተሩ ይጮሃል ጀልባዋ ግን አትሄድም። የኛ ግን ጩኸቱም አልነበረም። ሞተሩ ራሱ ከዚያ በላይ አይዞርም።

በመጨረሻ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሐይቁ ላይ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ከፍታው ነው አሉኝ» አልኳቸው። «ልጄ፣ የጎረቤትህ ጀልባስ? ከፍታው ለእሱም ከፍታ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። የእኛን የምታህል ጀልባ በ15 ሞተር ስድስት ሰው ጭና አጠገባችን ታልፋለች።

ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። ሞተሩ ጀልባዋን የሚጨብጥበት ብረት ላይ ጣታቸውን አሳለፉ። ቀለሙ እዚያ ጋ ወፍሯል። የአንድ ብር ሳንቲም አውጥተው ቀስ እያሉ ፋቁት። ከቀለሙ ሥር የሞተሩ ጉልበትና ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ሳህን ብቅ አለች። መጀመሪያ አንድ 9፣ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ ሌላ 9።

ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች 9.9 እና 15 ፈረስ ሞተራቸውን በአንድ ብሎክ ነው የሚሠሩት። መልኩም ክብደቱም አንድ ዓይነት ነው፤ 9.9ኙ የሚታፈነው አየርና ነዳጅ በሚገባበት በኩል ነው። ስቲከር መቀየር ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በሐዋሳ ከፍታ 9.9 ወደ 8 ይወርዳል። እኔ በ8 ፈረስ ነው አምስት ሰው ስጎትት የከረምኩት።

ሻጩ «አይተህ ነው የገዛኸው» አለኝ። ውላችን ላይ የተጻፈው «አንድ የጀልባ ሞተር» ብቻ ነው። ፈረስ ጉልበቱ የለም፣ የሞተር ቁጥሩ የለም። ደረሰኝም አልጠየቅኩም። እዚህ ጋ ጥፋቱ የኔ ነው።

እባካችሁ በርሜል ውስጥ በተነሳ ሞተር አትታለሉ። በርሜል ውስጥ ጭነት የለም፣ ሁሉም ሞተር ያምራል። ሐይቁ ላይ አውጡት፣ ሁሌ የምትጭኑትን ያህል ሰው ጫኑበት፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስጡት። ዙር የሚቆጥር መሣሪያ ያለው መካኒክ ካገኛችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እንደኔው ዓይነት ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ) ሞተር እውነተኛ 15 ከሆነ በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር መድረስ አለበት። «ሐይቅ ላይ አናወጣም» ካሉ ትታችሁ ውጡ። ውሉ ላይ የፈረስ ጉልበቱንና ሳህኑ ላይ ያለውን ቁጥር አጽፉ።

ትናንት በሱቁ በር ሳልፍ ሁለት ሞተር ቆሟል። ሁለቱም አዲስ ቀለም ተቀብተዋል። ልትገዙ የምትሄዱ ሳንቲም መያዝ አትርሱ።