ታክስኮን በአንድ ቀን፦ ኮንትራት መኪና ወይስ አውቶቡስ?

የሜክሲኮዋ የብር ከተማ ታክስኮ (ብር ስንል ማዕድኑን ነው) ከሜክሲኮ ሲቲ ወደ ደቡብ ምዕራብ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገድ ካልተጨናነቀ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ዋጋ፦ ኮንትራት የሚከፈለው ለመኪናው እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም፤ ለብቻ ኪስ ይጎዳል፣ ለአራት ሲካፈሉት ይቀላል። የፈጣን መንገድ ክፍያና ነዳጅ ዋጋው ውስጥ መግባታቸውን አስቀድመው ይነጋገሩ። አውቶቡስ ትኬት ብቻ ነው።

ምቾት፦ መኪናው ከሆቴል በር ያነሳል፣ የካካዋሚልፓን ዋሻም ያስደርባል። ለአውቶቡስ በሜትሮ 2ኛ መስመር እስከ መጨረሻው፣ ታስኬኛ፣ ይሄዳሉ። የታክስኮ መናኸሪያ ታች ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1751 እስከ 1758 የተሠራው የሳንታ ፕሪስካ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ላይ። ዳገቱ ያስለከልካል። እኛ አገር የምናውቃት ቮልስ እዚያ ነጭ ታክሲ ናት፤ በጠባቡ የድንጋይ ንጣፍ ላይ እንደ ፍየል ትወጣለች። ሰፊ ኮንትራት መኪና ግን እዚያ ጥምዝ ላይ ይቸገራል።

ስጋት፦ አንዳንድ ሹፌር ኮሚሽን ወደሚያገኝበት ሱቅ ይወስዳል። ጌጡ ላይ 925 የሚል ማኅተም ይፈልጉ፤ 92.5 በመቶ ብር ማለት ነው። «አልፓካ» ካሏችሁ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ብር የለበትም። የአውቶቡሱ ጣጣ መመለሻው ነው፤ በተለይ የብር ገበያ በሚቆምበት ቅዳሜ እንደደረሱ ትኬት ይቁረጡ። በሁለቱም በኩል ታክስኮ ያለችበትን የገሬሮ ግዛት ጸጥታ ሳይጠይቁ አይነሱ።

ሽማግሌ፣ ሕፃን ወይም ዋሻው ካለ ኮንትራት፤ ጉልበት ላለውና ገንዘቡን ለጌጥ ለሚቆጥብ አውቶቡስ።