ባለ 60 ሊትር የዓሣ ገንዳ፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ይህን ባለ 60 ሊትር የመስታወት ገንዳ ከማጣሪያው፣ ከማሞቂያውና ከመብራቱ ጋር የገዛሁት መስከረም መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤቴ ሳሎን ውስጥ ስምንት ወር አገልግሏል። መስታወቱም ሆነ መጋጠሚያው እስካሁን ጠብታ አላፈሰሰም። ሰፋ አድርጌ ልጽፍ የፈለግሁት ስለ ውሃው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የገጠመኝ ችግር ሁሉ ከዚያ የመነጨ ነበርና።

ሻጩ ዓሦቹን በዚያው ቀን ማስገባት እንደሚቻል ስለነገረኝ ስድስት ጋፒዎች አስገባሁ። በሦስተኛው ቀን ውሃው እንደ አጓት ነጣ። ቆሻሻ መስሎኝ ሙሉ በሙሉ ቀየርኩት፤ የማጣሪያውንም ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አጠብኩት። በሁለት ቀን ውስጥ ግን ተመልሶ ደፈረሰ፤ ዓሦቹም ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አየር ይቀዱ ጀመር። በአሥር ቀን ውስጥ አራቱ ሞቱ። ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ መመርመሪያ ፈሳሽ ገዝቼ ስለካ አሞኒያው በሊትር 4 ሚሊግራም ደርሶ ነበር፤ በተረጋጋ ገንዳ ውስጥ ግን ዜሮ መሆን ነበረበት። ከዓሦቹ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት በተለይ በስፖንጁ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ በቂ ቁጥር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እኔ ስፖንጁን ክሎሪን ባለበት ውሃ በማጠቤ የተጀመረውን ሁሉ አፍርሼዋለሁ። ነጩ ድፍርስም በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ሌሎች ባክቴሪያዎች በአንዴ ሲበዙ የሚመጣ ስለሆነ፣ ምግብ ቀንሶ መታገሥን ይፈልጋል እንጂ ውሃውን ሁሉ በመድፋት አይጠራም።

ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ሩቡን ብቻ መቀየር ጀመርኩ። በሰፈራችን ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ፣ በመጣ ጊዜ አፈ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ቀድቼ ክሎሪኑ እንዲተን ለ24 ሰዓት ክፍት አቆየዋለሁ፤ ጀሪካን አፉ ጠባብ በመሆኑ ለዚህ አይመችም። ስፖንጁንም ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ብቻ አለቀልቀዋለሁ። በሰባተኛው ሳምንት አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆኑ።

ማሞቂያው የሚመሰገን ዕቃ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች እንኳ ውሃውን 24 ዲግሪ ላይ አቆይቶልኛል፤ መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች ገንዳውን በጋቢ እሸፍነው ነበር። መብራቱን በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ ማብራት መስታወቱን በአረንጓዴ ዝቃጭ ይሸፍነዋል።

የማልወደው ማጣሪያውን ነው። ከገንዳው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል በመሆኑ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ውሃ መሳብ አይችልም፤ ሰው ካልሞላለት ሞተሩ በደረቁ ይጮኻል። አንድ ጊዜ ከሥራ እስክመለስ ሙሉ ቀን እንዲሁ ቆይቶ፣ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን በማጣታቸው አሞኒያው እንደገና ታየ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምንኖርበት አካባቢ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ እኩል ሆኖ፣ በባሕር ጠለል ከሚይዘው በአምስተኛ እጅ ያህል ስለሚያንስ፣ የአየር መቋረጥ እዚህ ይበልጥ ይጎዳል። በመሆኑም ማጣሪያውን በጥር አውጥቼ፣ በባትሪም በሚሠራ የአየር ፓምፕ የሚንቀሳቀስ የስፖንጅ ማጣሪያ ተክቻለሁ፤ ነባሩንም ስፖንጅ ባክቴሪያው እንዲሸጋገር ለአንድ ወር ከአዲሱ አጠገብ አስቀምጬው ነበር።

ገንዳውንና ማሞቂያውን ያለ ማመንታት መልሼ እገዛቸዋለሁ፤ ማጣሪያውን ግን መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው አልመክርም። በሚያዝያ ጋፒዎቹ ወልደዋል፤ የነባሩ ማጣሪያ ቱቦ ቢኖር ኖሮ ሊስባቸው ይችል የነበሩት ጫጩቶችም ዛሬ በአዲሱ ስፖንጅ ላይ እየለቀሙ ይመገባሉ።