የልጆች ቶንሲል ቀዶ ሕክምና በ«ጥቅል ዋጋ» ሲቀርብላችሁ ሳትጠይቁ አትክፈሉ

ይህን የምጽፈው ልጆቻቸው ጉሮሯቸውን ደጋግሞ የሚያማቸው ወይም ሌሊት የሚያንኮራፉባቸው ወላጆች፣ በቅናሽ ስም የሚቀርብላቸውን የቀዶ ሕክምና ውል ከመፈረማቸው በፊት በጥንቃቄ እንዲመረምሩ ለማሳሰብ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የአዲስ አበባ የግል ሕክምና ተቋም የእኅቴን ልጅ ቶንሲልና አዴኖይድ (ከአፍንጫ በስተኋላ የሚገኝ እንደ ቶንሲል ያለ ሥጋ) በአንድ ጊዜ ለማውጣት «ሁሉን ያካተተ» ያለውን ጥቅል ዋጋ አቀረበ፤ ቅናሹ የሚጸናው ግን ቅድሚያ ክፍያው ሳምንቱ ሳያልቅ ከተፈጸመና ገንዘቡ እንደማይመለስ ወላጆቹ ከፈረሙ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። ወረቀቱ በዝርዝር ሲነበብ የማደንዘዣ ባለሙያው ክፍያ፣ የደም ምርመራው፣ ልጁ ማደር ቢኖርበት የአልጋው ሒሳብ፣ እንዲሁም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢደማ ተመልሶ የሚታከምበት ወጪ ከጥቅሉ ውጭ ነበሩ።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነው። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም መፍሰስ የሚፈራው በሁለት ጊዜያት ሲሆን፣ አንደኛው የመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ሁለተኛው ደግሞ ቁስሉን የሸፈነው ነጭ ቅርፊት መላቀቅ የሚጀምርበት ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ያለው ጊዜ ነው፤ ይህም ልጁ ቤቱ ገብቶ፣ ወላጆቹም አለፈለት ብለው በተረጋጉበት ሰዓት የሚመጣ ነው። የሚደሙት ልጆች ከመቶ ጥቂቶች ቢሆኑም፣ የደማ ልጅ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መመለስ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ ማታ የሚዘጋና ተረኛ ሐኪም የሌለው ተቋም ሥራውን በግማሽ ሸጦ ሙሉ ዋጋ እንደተቀበለ እቆጥረዋለሁ። «በዕለቱ ወደ ቤት» የሚለው ማስታወቂያም ለሁሉም ልጅ አይሠራም፤ ከ3 ዓመት በታች የሆነ ወይም በእንቅልፍ ትንፋሹ በጽኑ የሚቆራረጥ ልጅ ክትትል እየተደረገለት ማደር አለበት።

ወላጆቹን ለማጣደፍ የዋለው ቃል «ካልወጣ ልቡን ይነካዋል» የሚል ነበር። ሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ብዙ ልጆችን የሚጎዳ በመሆኑ ይህን ሰምቶ የማይደነግጥ ወላጅ የለም፤ ለዚያም ይመስለኛል የተመረጠው። ይሁን እንጂ ሕመሙን የሚያስከትለው በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ አለመታከሙ ሲሆን፣ የጉሮሮ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ የሚሰጥ ፔኒሲሊን አደጋውን ይከላከላል። ልብን ለመጠበቅ የሚታዘዘው የመጀመሪያው መንገድ ይህ መድኃኒት እንጂ ቀዶ ሕክምና አይደለም።

በተደጋጋሚ ሕመም ምክንያት ቶንሲል የሚወጣበት መመዘኛ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት ሕመሙ በአንድ ዓመት ቢያንስ 7 ጊዜ፣ ወይም በተከታታይ 2 ዓመታት በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም በ3 ዓመታት በየዓመቱ 3 ጊዜ የታየ መሆን አለበት፤ እያንዳንዱም ከ38.3 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ የአንገት ንፍፊት፣ በቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል የመሰለ ምልክት ወይም በምርመራ የተገኘ የስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ እንደነበረው በካርዱ መመዝገብ ይኖርበታል። ለእኅቴ ልጅ እንዲህ ያለ መዝገብ አልተጠየቀም። አዴኖይድ ከአፍንጫ በስተኋላ ያለ በመሆኑ አፍን አስከፍቶ በባትሪ ማየት ስለ እርሱ ምንም አይናገርም፤ በቀጭን የአፍንጫ ካሜራ ወይም ከጎን በሚነሳ ራጅ ሳይታይ በጥቅሉ ውስጥ መካተቱ ለእኔ ዋናው የማስጠንቀቂያ ምልክት ነበር።

ቀዶ ሕክምናውን በጅምላ መቃወሜ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን፤ በእንቅልፉ ትንፋሹ በእርግጥ የሚቆራረጥ ልጅ ብዙ ይጠቀምበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ከ5 እስከ 9 ዓመት በሆኑ 464 ልጆች ላይ የወጣ ጥናት ከ7 ወራት በኋላ የእንቅልፍ ትንፋሻቸው የተስተካከለው ቀዶ ሕክምና ካገኙት 79 በመቶ፣ በክትትል ብቻ ከቆዩት ደግሞ 46 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። የመጀመሪያው ቁጥር ለቀዶ ሕክምናው ይመሰክራል፤ ሁለተኛው ግን ጽኑ ሕመም ለሌለበት ልጅ «ሳምንቱ ሳያልቅ» የሚባል ነገር እንደሌለ ያስረዳል። ሐሳቤን እንጥል ወደሚቆርጡና ቶንሲል ወደሚቧጥጡ ሰዎች መሄድን እንደ መደገፍ የሚተረጉምም አይኑር፤ ያ ከዚህ ሁሉ የባሰ አደጋ ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ማደንዘዣውን የሚሰጠውና ሌሊት የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ ልጁ ቢደማ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ጠይቁ። ለሕመም ማስታገሻ ኮዴይን ከታዘዘም አትቀበሉ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለልጆች እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል፣ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንም በሐኪም መጠን ይተኩታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ስለሚሰጠው፣ ማስታወቂያውን፣ የዋጋ ዝርዝሩንና ደረሰኙን ለአቤቱታ እንዲሆናችሁ አስቀምጡ።