«ኢትዮፒክስ» እንደ ሙዚቃ ታሪክ ማስተማሪያ

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኢንተርኔት ለማስተምረው የአራት ሳምንት የሙዚቃ ታሪክ ፕሮጀክት ዋና መነሻ ያደረግሁት፣ ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፓሪስ አሳታሚ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ከ1997 ጀምሮ በተከታታይ ያወጣውን «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ የሲዲ ስብስብ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለትምህርት ትልቅ ዋጋ ያለው ሥራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ነገር ግን በቁጥሩ ቅደም ተከተል የሚያስተምር ሰው ታሪኩን ከመሐሉ ይጀምራል።

ክፍል 1 የሚያተኩረው ከ1969 እስከ 1975 በተሠራው ዘመናዊ ሙዚቃ ላይ ነው። ስለዚህ እኔ የምጀምረው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ጀርመን አገር ያስቀረጹትን ዜማ ከያዘው ከክፍል 27 ነው። የሸክላው ድምፅ የሻከረ በመሆኑ የጠራ ቅጂ ለለመደ ጆሮ ይከብዳል፤ በአጭር በአጭሩ ሲሰጥ ግን ተማሪዎቹ ግጥሙን ለመለየት ደጋግመው ያዳምጡታል፣ ይህም ለእኔ የፕሮጀክቱ ምርጥ ሰዓት ነው። ቀጥሎ የዓለሙ አጋ በገና ያለበት ክፍል 11 እና ትዝታን ማዕከል ያደረገው ክፍል 10 ይመጣሉ፤ የቅኝትን ነገር በቃል ከማስረዳት ይልቅ በተለያዩ ድምፃውያን አፍ ማሰማት ይሻላል።

ክፍል 1 ላይ ሲደረስ ተማሪው «ለምን እነዚህ ዓመታት?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ የሰዓት እላፊው የሌሊት ክበቦችን ሕይወት አዳከመው። ሙዚቃውን ከፖለቲካው ጋር የሚያገናኝ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም።

ጉድለቱ ከባድ የሚሆነው ስብስቡ በኢንተርኔት ሲደመጥ ነው። ከሲዲው ጋር የሚመጣው የማብራሪያ መጽሔት፣ ፎቶግራፎቹን ጨምሮ፣ የትምህርቱ ግማሽ ሆኖ ሳለ በማድመጫ መተግበሪያዎች ላይ አብሮ አይገኝም፤ የተጻፈውም በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። የአርቲስቶቹ ስም በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ልማድ ስለተቀመጠ የሳክስፎን ተጫዋቹን ጌታቸው መኩሪያን የሚፈልግ ተማሪ በሌላ ፊደል ጽፎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ስሞቹን በአማርኛና በሲዲው አጻጻፍ ጎን ለጎን የያዘ ሰንጠረዥ አስቀድሞ ማዘጋጀት ግድ ነው። በጀት ያለው ትምህርት ቤት ቢያንስ ክፍል 27ን በሲዲ ይግዛ፤ የቀሩትን በኢንተርኔት ማድመጥ ይበቃል።

የመጨረሻውን ሳምንት ለክፍል 14 ሰጥቼዋለሁ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት ተማሪዎቹ ከሰሙ በኋላ፣ እያንዳንዳቸው ከቤተሰባቸው ወይም ከአካባቢያቸው ሽለላ የሚያውቅ ሰው ፈልገው በስልካቸው እንዲቀርጹና ሁለቱን በጽሑፍ እንዲያነጻጽሩ አዛለሁ።